ለውኃ የሄደ ሰው ይሰንብት

ከሎንዶን ወደ ምዕራብ በምድር ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በሚያስኬደው መንገድ፣ ኤቮን በተባለው ወንዝ ዳር፣ ቢጫነት ባለው ጥርብ ድንጋይ የታነጸች ባዝ የምትባል ጥንታዊት የፍል ውኃ ከተማ አለች፤ ስሟ በእኛ አገር ሰው ዘንድ የታወቀው ግን ሮማውያን በሠሩት መታጠቢያ ወይም መኳንንትና ደራስያን ስለ ተመላለሱባት ሳይሆን፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የስደታቸውን ዘመን ስላሳለፉባት ነው። ዛሬ ባዝን ለማየት የሚሄደው መንገደኛ፣ ኢትዮጵያዊውም ጭምር፣ በአብዛኛው ጧት ገብቶ ማታ የሚወጣ የአንድ ቀን እንግዳ ነው። እኔም እንደዚሁ ሄጄ እንደዚሁ ተመልሻለሁ። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው፣ የፈውስ ውኃ በአንድ ቀን ጉብኝት ሊታይ ቢችልም ጥቅሙ በአንድ ቀን ሊገኝ እንደማይችል፣ እኛም በአገራችን ፍል ውኃዎችና ጠበሎች ዳር ልማት ለማቆም ስንነሣ መቅዳት የሚገባን የባዝን የዛሬ ልማድ ሳይሆን የጥንቱን እንደ ሆነ ነው። (የአውሮፓን ታሪክ የምጠቅስበት ዓመት በአውሮፓውያን፣ የእኛን የምጠቅስበት በእኛው አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።)

አስቀድሞ ስለ ውኃው ራሱ ልናገር። ከከተማይቱ በስተደቡብ በሚገኙት በሜንዲፕ ኰረብቶች ላይ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የዘነመው ዝናም፣ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ወደ ከርሠ ምድር ወርዶ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ጠልቆ፣ ምድር በውስጧ በያዘችው ዋዕይ ከተሞቀ በኋላ በግፊት ተመልሶ በከተማይቱ መካከል ይፈልቃል፤ ሙቀቱ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ መጠኑም በቀን ከ1 ሚሊዮን ሊትር የሚበልጥ ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ደሴቲቱን የያዙት ሮማውያን ምንጩን በእርሳስ በተለበጠ ገንዳ ከበው፣ በአጠገቡ ሱሊስ ሚኔርቫ ለምትባል ጣዖታቸው ቤት ሠሩላት፤ የተትረፈረፈውንም ውኃ ወደ ወንዙ የሚያወርድ የምድር ውስጥ ቦይ አበጁ፤ ይህም ቦይ ዛሬ ድረስ ሥራውን አላቋረጠም። ከገንዳው ጭቃ ውስጥ በስስ እርሳስ ላይ የተጻፉ 130 ያህል የእርግማን ጽሕፈቶች ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹ ሲታጠቡ ልብሳቸውንና ጓዛቸውን የተሰረቁ ሰዎች ሌባውን ለጣዖቲቱ የከሰሱባቸው ናቸው። በእኛም አገር ተጠምቆ ሲወጣ ጫማውን ያጣ ሰው አፉ ምን እንደሚል የሚያውቅ አንባቢ፣ የሰው ጠባይ በሁለት ሺህ ዓመት እምብዛም እንዳልተለወጠ ይረዳል።

ነገር ግን ባዝን ባዝ ያሰኛት ሮማዊው ገንዳ ብቻ አይደለም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሪቻርድ ናሽ የተባለ ሰው፣ በእኛ ማዕርግ ብንጠራው የከተማይቱ አጋፋሪ ሆኖ፣ እስከ ሞተበት እስከ 1761 ድረስ የእንግዶቹን አኗኗር በሥርዐት አስተካከለ፤ ሰይፍ ታጥቆ በከተማ መመላለስን ከለከለ፤ መኳንንቱና ነጋዴው በአንድ አዳራሽ በትሕትና እንዲገናኙ አደረገ። ጆን ዉድ የተባሉ አባትና ልጅ፣ ሁለቱም ዐናጽያን፣ ክቡን አደባባይና በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተዘረጋውን፣ ከ1767 እስከ 1775 የተሠራውን ሮያል ክሬሰንት አነጹ። ይህ ሁሉ ቤት ለማን ታነጸ ቢባል፣ ለሚሰነብት እንግዳ ነው። ወቅቱ ሲደርስ ባለጠጋው ከነቤተ ሰቡ፣ ከነሎሌው መጥቶ ቤት ተከራይቶ፣ ጧት ጧት እየጠጣና እየታጠበ ሳምንታትን አንዳንዴም ወራትን ይቀመጥ ነበር። ለዚህ ሰንባች እንግዳ መዝሙርና ሙዚቃ ያሰማ የነበረው ጀርመናዊው የኦርጋን መቺ ዊልያም ሄርሼል፣ ሌሊት ሌሊት በቤቱ አትክልት ቦታ ሆኖ በገዛ እጁ በሠራው መነጽር ሰማዩን ሲመረምር፣ በ1781 ኡራኑስ የተባለውን ፈለክ አገኘ። ይህን ከዋናው ነገሬ ወጣ ብዬ የምጠቅሰው፣ ሰው የሚሰነብትበት ከተማ ያልታሰበ ፍሬም እንደሚያፈራ ለማመልከት ነው።

እኔን ከአደባባዩና ከአዳራሹ ይልቅ የሳበኝ ግን የድኾች ሆስፒታል ታሪክ ነው። በውኃው ለመፈወስ ከየአውራጃው እየመጣ በጎዳና የሚወድቀው ድኻ ከተማይቱን ባስጨነቃት ጊዜ፣ ናሽ ገንዘብ ሰበሰበ፣ ራልፍ አለን የተባለው የድንጋይ ካባ ባለቤት ድንጋዩን ሰጠ፣ አባትየው ጆን ዉድ ንድፉን ያለ ዋጋ ሠራ፤ የመሠረቱ ድንጋይ በ1738 ተቀምጦ ሆስፒታሉ በ1742 በሩን ከፈተ። ሥርዐቱ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስላል። የሚቀበለው ከሩቅ የመጣውን እንጂ የከተማይቱን ነዋሪ አልነበረም፤ ነዋሪውማ ውኃው በደጁ ነው። ሕመምተኛው ሲገባ መያዣ ገንዘብ ያስይዝ ነበር፤ ቢድን ለመመለሻው ስንቅ፣ ቢሞት ለመቀበሪያው እንዲሆን። በደረቱ ላይ የነሐስ ምልክት ይንጠለጠልለታል፤ ይህም ባለመጠጥ ቤቶች አይተው መጠጥ እንዳይሸጡለት ነው። የእያንዳንዱም ስም፣ ደዌው፣ የተቀመጠበት ጊዜና በስንብቱ ያገኘው ውጤት፣ ዳነ፣ ተሻለው፣ አልተሻለውም፣ ሞተ እየተባለ በመዝገብ ይሰፍር ነበር። የማይድነውንም «አልተሻለውም» ብሎ መመዝገብ ለአንድ የፈውስ ቦታ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የሚረዳ ይረዳል።

የስንብቱም ጥቅም ባዶ እምነት አልነበረም። በዚያ ዘመን ወደ ሆስፒታሉ ይገቡ ከነበሩት ብዙዎቹ እጃቸው ወይም እግራቸው የሰለለ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነዚህም የበዙት ሥራቸው ከእርሳስ ጋር የነበረ ቀለም ቀቢዎችና የቧንቧ ሠራተኞች፣ ወይም እርሳስ የተቀላቀለበት መጠጥ ያዘወተሩ ናቸው። በ1980ዎቹ ዓመታት በአጎራባቿ ከተማ በብሪስቶል የተደረገ የሕክምና ምርምር፣ ሰው እስከ አንገቱ ድረስ በሞቀ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ የሽንቱ መጠንና በሽንቱም የሚወጣው እርሳስ እንደሚጨምር አሳየ። እንግዲህ ሽባው የተራመደው፣ ብዙ ሳምንት እየተመላለሰ በውኃው በመቀመጡ፣ ከመርዙም ሥራ በመራቁ፣ የሚመገበውም ምግብ በመስተካከሉ ነው። ይኸው ሰው በጧት ባቡር መጥቶ በማታው ባቡር ቢመለስ ኖሮ ሽባ ሆኖ በመጣ ሽባ ሆኖ በተመለሰ ነበር።

ባቡሩ በ1841 ሎንዶንን ከብሪስቶል ጋር በባዝ በኩል አገናኘ፤ ይህ መልካም ሥራ የከተማይቱን ጠባይ ቀስ በቀስ ለወጠው። በመቶ ክፍለ ዘመኑ ፍጻሜ የሮማውያኑ ገንዳ ከተቀበረበት ተቈፍሮ ወጥቶ በ1897 ለተመልካች ተከፈተ። ዛሬ የሚሄደው እንግዳ ቲኬቱን ገዝቶ፣ የሚያስረዳውን መሣሪያ በጆሮው ላይ አድርጎ፣ ጣሪያው ስለ ፈረሰ ፀሐይ እያገኘው አረንጓዴ የሆነውን ውኃ ከዳር ሆኖ ያያል፤ ውኃውን እንዳይነካም ይነገረዋል። ክልከላው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1978 አንዲት ልጃገረድ በዚሁ ውኃ ከዋኘች በኋላ በውኃው ውስጥ በነበረ ዓይን በማያየው አሜባ ምክንያት በአንጎል ሕማም ሞታ፣ መታጠቢያዎቹ ተዘጉ፤ ንጹሑን ውኃ ከጥልቅ የሚያመጣ አዲስ ጉድጓድ ከተቈፈረ በኋላ፣ በ2006 ሌላ ዘመናዊ መታጠቢያ በአቅራቢያው ተከፈተ፤ ይኸውም አቅም ላለው ሰው በሁለት ሰዓት ተመን የሚሸጥ ነው። ውኃው በሚጠጣበት በአሮጌው አዳራሽ አንድ ብርጭቆ ቀመስሁ፤ ለብ ያለ፣ የብረት ጣዕም ያለው ነው። ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያ።

ወደ አገሬ ስመለስ ይህን ሁሉ በወሎ፣ በከላላ ለሚኖሩት አክስቴ በቡና ላይ ሳጫውታቸው በጥሞና ሰሙኝና፣ «ታዲያ ስንት ቀን ሰነበትህ?» አሉኝ። «ጧት ሄጄ ማታ ተመለስሁ፣ እቴቴ» አልኋቸው። «ተጠመቅህ?» «መግባት ክልክል ነው።» «እንግዲያማ ልጄ፣ የሰው አጥር ስታይ ነው የዋልኸው» ብለው ወደ ጀበናቸው ዞሩ። አክስቴ ባዝ በካርታ ላይ የት እንዳለች ባያውቁም፣ የከተማይቱ የጥንት ሐኪሞች በፍርዳቸው ይስማሙ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በባዝ በእውነት የሰነበተ ኢትዮጵያዊ ቢፈለግ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው፣ ሰኔ 23 ቀን በዠኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያን አቤቱታ ካሰሙ በኋላ፣ በዚያው ክረምት ለዕረፍት ወደዚህች ከተማ መጡ፤ ከተማይቱም ስለ ተስማማቻቸው ፌርፊልድ የተባለውን ቤት ገዝተው፣ በ1932 ዓ.ም. ሰኔ ለአገራቸው ነጻነት ወደ ሱዳን እስከ ተነሡ ድረስ ተቀመጡባት። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፋቸውንም የጀመሩት እዚያው ነው። ብርዱና የገንዘቡ እጥረት ለቤተ ሰባቸው ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን የሰነበተ እንግዳ ከአስተናጋጁ ጋር የሚያስተሳስረው ገመድ አይበጠስምና፣ በ1947 ዓ.ም. ጥቅምት እንደ ንጉሥ ተመልሰው ሲጐበኟት ከተማይቱ የክብር ነዋሪነት ሰጠቻቸው፤ እርሳቸውም በ1958 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ቤቱን ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለከተማይቱ አበረከቱ። ለአንድ ቀን የመጣ ጐብኚ ለባዝ የሚተውላት የቲኬቱን ዋጋ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ኢትዮጵያ መዲናዋን ያገኘችው ከፍል ውኃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ያሉት፣ ሊታጠብ የወረደው መኳንንትና ሠራዊት በድንኳን መሰንበት ስለ ወደደ ነው። ይህን ነገር ስናስብ አዲስ አበባና ባዝ እኅትማማች ከተሞች ሆነው ይታዩኛል፤ የአንዲቱ ፍል ውኃ ታሪኳን ሲያስጌጥላት፣ የሌላይቱ ግን በሕንፃ መካከል ተሸሽጎ ስንቱ ወጣት ሰፈሩን በስሙ እየጠራ ምንጩን ሳያይ ያድጋል።

እኛ የከላላና የመካነ ሰላም ሰዎች ያደግንበት ደጋ ወደ ዓባይ በሚወርዱ ጥልቅ ሸለቆዎች የተከበበ፣ ምንጩም እጅ የሚቈርጥ ቀዝቃዛ ነው። ቁርጥማት የያዘው ሽማግሌ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ቈላ፣ በቦርከና ሸለቆ በሐርቡ በኩል ወዳሉት ፍል ውኃዎች፣ ወይም ወደ ሩቅ ጠበል ይወርዳል፤ በወሎ እንደ ልማዳችን እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ውኃ ዳር ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ አንዱ የዘምዘምን፣ ሌላው የዮርዳኖስን በረከት እያሰበ። ሲሄድም ለአንድ ቀን አይሄድም። አንድ ሱባዔ፣ ሁለት ሱባዔ፣ ደዌው የጠና ከሆነ ሦስት ሱባዔ ይላል። የሚያስደንቀኝ፣ በቦሄሚያ ምድር የምትገኘው የካርሎቪ ቫሪ ሐኪሞች ለውኃ ፈውስ የወሰኑት የጥንት ልማድ ሦስት ሳምንት መሆኑ ነው፤ ይኸውም ከሦስት ሱባዔ ጋር ቀኑ ሳይጐድል ሳይተርፍ አንድ ነው። የሩስያው ታላቁ ጴጥሮስ ንጉሥ ሆኖ ሳለ እንደ ማንኛውም ሕመምተኛ በዚያ ሥርዐት ተቀምጧል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2021 ባዝንና ካርሎቪ ቫሪን ጨምሮ ዐሥራ አንድ የአውሮፓ የፍል ውኃ ከተሞችን በዓለም ቅርስነት በአንድነት የመዘገበው ይህንኑ የመሰንበት ሥልጣኔ ነው፤ የሚገርመው ግን ሥልጣኔው በዚያ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ በእኛ ዘንድ ገና ሕያው ሆኖ በየጠበሉ ሜዳ በላስቲክ ዳስ ውስጥ ይተኛል።

በቤተ ክርስቲያናችን አራተኛው የዐቢይ ጾም ሰንበት መጻጉዕ የሚባለው፣ 38 ዓመት ታሞ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር የተኛው ሰው ስለሚታሰብበት ነው። ሊቃውንት ይህን ወንጌል ሲተረጕሙ ስለ ጌታ ቸርነትና ስለ ውኃው መናወጥ ብዙ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ በአላዋቂነቴ አንድ ነገር አስተውላለሁ፤ በዚያ መጠመቂያ አምስት መመላለሻ፣ ማለት ለሕመምተኞች ጥላ የሚሆን ደጀ ሰላም እንደ ነበረ ወንጌላዊው ዮሐንስ ሳይነግረን አላለፈም። ኢየሩሳሌም ቢያንስ ለሕመምተኞቿ መጠለያ ነበራት። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ዙሪያ ጠበልተኛው የሚያድርባቸውን ጠባብ ጎጆዎች፣ ሳል ያለበትና የሌለበት በአንድ መደብ የሚተኛባቸውን ኪራይ ቤቶች ያየ ሰው፣ ከዚያ ዘመን ይልቅ ወደ ኋላ የተመለስን ሊመስለው ይችላል።

ታዲያ የልማት ዕቅድ ሲጻፍ ምን እናያለን? ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የመግቢያ በር፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የእንግዳ መቀበያ አዳራሽና በቀን የሚገባው የጐብኚ ቊጥር ግምት ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ጐብኚ ገንዘብ ይዞ ይመጣል፣ ጠበልተኛ ግን ቈሎ ይዞ። ነገር ግን ጧት ገብቶ ማታ የሚወጣው ባለ መኪና ምሳውን በከተማ በልቶ፣ ሥዕሉን አንሥቶ ይሄዳል፤ ሦስት ሱባዔ የሚቀመጠው ድኻ ደግሞ በየቀኑ ዳቦውን፣ ሻማውን፣ እንጨቱን፣ የማደሪያውን ኪራይ ከአካባቢው ሰው ይገዛል። ሒሳቡን ተቀምጦ ለሚያሰላ ባለሥልጣን ሰንባቹ የሚንቁት ገበያ አይደለም።

አንዳንድ አጥባቂ ሰው ጠበልን መመርመር እምነትን መጠራጠር ነው ይለኝ ይሆናል። ባዝ ግን ሁለት ሺህ ዓመት የታመነ ውኃ በአንድ አሜባ ሊነቀፍ እንደሚችል በልጃገረዲቱ ሞት ተምራለች፤ የምንጩን ራስ መክደን፣ የሚጠጣበትን ከሚታጠቡበት መለየት፣ መጸዳጃውን ከምንጩ በታች ማራቅ የካህኑን ጸሎት አይቀንሰውም። መድኃኒቱንም አስጥሎ የሚያስጠምቅ ሰው ቢኖር፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለ ሆኑ አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ መምከራቸውን ሊያስታውስ ይገባዋል። ከሌላው ወገን ደግሞ ጠበልን ሁሉ ድንቁርና የሚሉ ዘመናዊያን አሉ፤ እነርሱም ሰው ከከባድ ሥራ ርቆ፣ ጾሙንና እንቅልፉን አስተካክሎ፣ የሚራራለት ወገን መካከል ሁለት ሳምንት ሲያሳልፍ ለሥጋውም ለነፍሱም ምን እንደሚያደርግለት ሐኪሞቻቸውን ቢጠይቁ ይሻላል።

እንግዲህ የባዝ ሆስፒታል በ1742 የሠራውን የየወረዳው አስተዳደርና የየደብሩ ሰበካ ጉባኤ ዛሬ ሊሠሩት የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም። ወንድና ሴት የሚለይበት፣ ሳል ያለበት ከሌላው የሚርቅበት፣ ነፋስ የሚያስገባ ማደሪያ ይሠራ፤ ከጤና ጣቢያው አንድ ሠራተኛ በየሳምንቱ እየመጣ ሕሙማኑ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ይከታተል፤ የሚገባው ሰው ስሙ፣ አገሩ፣ ደዌው፣ የተቀመጠበት ቀንና ሲሄድ የነበረበት ሁኔታ በመዝገብ ይጻፍ፤ ያልተሻለውም «አልተሻለውም» ተብሎ ይጻፍ። መያዣ ገንዘቡን ግን ከድኻው አንጠይቅ፤ ለዚያ ዕድር አለን፤ ከላላ ላይ ለቀብር የሚደርስ ዕድር፣ ከጠበል የተመለሰን ድኻ የመሳፈሪያ ዋጋ ቢከፍልለት ለደንቡ አንድ አንቀጽ መጨመር ነው የሚያስፈልገው። የመግቢያ በሩና የመኪና ማቆሚያው ከዚህ ሁሉ በሚተርፈው ገንዘብ ይሠሩ።